ከጎልቦ ሜዳ እስከ ማርሳቢት ጉም

ሞያሌ ዳገት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ከተማዋ ስታበቃ መሬቱ ቁልቁል ይወርድና ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ቀይ አፈር፣ ግራርና ቁጥቋጦ ይሆናል። ቦረና ይህን ቆላ ጎልቦ ይለዋል። አብራሪዎች «ታችኛው ሞያሌ» የሚሉት ማኮብኮቢያ ከባሕር ጠለል በላይ 850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል።

እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ትንሽ አውሮፕላን እንደመጣ አያርፍም። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስከ ጫፍ እየጮኸ ያልፋል። ፍየሎቹ ይበተናሉ፤ ግመል ግን በቀላሉ አይነሣም፤ እረኛው ልጅ ዱላውን ይዞ ሮጦ መድረስ አለበት። አብራሪው በዚያች አንድ ዙር ዝናብ የቦረቦረውን አፈር፣ የነፋሱን አቅጣጫና መንገድ ላይ የቀሩትን እንስሳት ያያል። ያየው ካላማረው ሌላ ዙር ይዞራል። ካማረው ብቻ ይወርዳል።

ስለ ትንንሽ አውሮፕላን ወሬ ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋስ?» ብሎ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ የምፈራው ያንኑ ነበር። የዚህን ድንበርና የአገራችንን የበረራ ታሪክ ስከታተል ግን፣ ልብ የሚሰብሩት አደጋዎች ከሞተር ይልቅ ከደመናና ከተራራ ጋር የተያያዙ ሆነው አገኘኋቸው። «ዛሬ አይሆንም» ብሎ መመለስ ከበረራ ዕውቀት ሁሉ ከባዱ እንደሆነም የተረዳሁት ከዚያው ነው።

ታሪኩ በ1921 ዓ.ም. ክረምት በኬንያም በኢትዮጵያም ይጀምራል። በሐምሌ ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን የተባሉ ሴት ናይሮቢ ላይ በስማቸው አንድ አነስተኛ አየር መንገድ አቋቋሙ። ዛሬ ወደ ሰሜን ኬንያ የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች መናኸሪያ የሆነው የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ስሙን ያገኘው ከእኚህ ሴት ነው። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተባለችውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አሳረፈ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን እርሷ ናት።

ገፈርሳ መድረስ ቀላል አልነበረም። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው ያነሰ አየር ነው፤ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው፣ ክንፉም የሚደገፍበት እንዲሁ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ወደ ላይ የሚወጣው እያዘገመ ነው። የአበሻን ደጋ ያለማመዱት የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ይህን የተማሩት በቆዳቸው ነው።

በ1923 ዓ.ም. መስከረም 21፣ በግሸን ማርያም ዕለት፣ ሚሽካ ባቢቼፍ የአብራሪነት ፈቃዱን አገኘ፤ በሦስተኛው ቀን አስፋው አሊ ተከተለው። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በዚያው ሰሞን፣ ለንግሥ በዓሉ ሽር ጉድ ሲባል፣ ሁበርት ጁሊያን የተባለው ጥቁር አብራሪ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ ተከሰከሰ። እርሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ ግን ለበዓሉ አልደረሰችም።

በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የጣሊያን ጦር ወሰን ጥሶ በገባበት ወራት፣ ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ አበረረ። ስሟ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ ማርከው ወደ አገራቸው ወሰዷት፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም በሙዚየማቸው ቆመች። አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ታሪኳን ባነበብኩ ቁጥር የምደነቀው በጦርነት ዋዜማ ክንፍ ሲያበጁ በነበሩት ሰዎች ነው።

ጦርነቱ ጎልቦ ላይ የደረሰው በሰኔ 1932 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ማግስት፣ ሰኔ 4 ቀን፣ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ዩንከርስ 86 አውሮፕላኖች ከኬንያ ተነሥተው ሞያሌ አጠገብ የነበረውን የጣሊያን ሰፈር ደበደቡ። አውሮፕላኖቹ ጀርመን የተሠሩ ናቸው፤ ከጦርነቱ በፊት በደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ወንበራቸው ወጥቶ ቦምብ ተጫነባቸው። በሐምሌ የጣሊያን ጦር የኬንያውን ሞያሌ ከበበ፤ ምሽጉን የያዙት ወታደሮች ሐምሌ 8 ሊነጋ ሲል በሌሊት ለቀው ወጡ። እንግሊዞች ሞያሌን መልሰው የያዙት በየካቲት 1933 ዓ.ም.፣ ሜጋ ከወደቀች በኋላ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የትንንሽ አውሮፕላን ሥራ ወደ ሕይወት ማዳን ዞረ። ከችካጎ መጥቶ በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ ጋር የቆመው፣ ከድል በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን ያሠለጠነው ጆን ሮቢንሰን፣ በ1946 ዓ.ም. መጋቢት ስቲንሰን ኤል 5 በተባለች ቀላል አውሮፕላን ለተጎዳ ሰው ደም ሊያደርስ ሲበር ተከሰከሰ። መጋቢት 18 ቀን አረፈ። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስም ሞተ። ሮቢንሰን በወረራው ዘመን ጠላት የሚገዛውን ሰማይ አቋርጦ የተረፈ ሰው ነው፤ የወሰደው ግን የሰላም ቀን በረራ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ማይክል ዉድ የተባሉት ቀዶ ሐኪምና ሁለት ባልደረቦቻቸው ናይሮቢ ላይ ዛሬ አምሬፍ የሚባለውን «በራሪ ሐኪሞች» አገልግሎት መሠረቱ። አሳቡ ቀላል ነው፤ በሽተኛው ወደ ሐኪም የሚሄድበት መንገድ ከሌለ ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ይብረር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አን ስፖሪ የተባሉ ሐኪም ገቡ። ማብረር የተማሩት አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። እስከ እርጅናቸው ድረስ ፓይፐር አውሮፕላናቸውን ብቻቸውን እያበረሩ በሰሜን ኬንያ ምድረ በዳ ክትባትና መድኃኒት አዳረሱ፤ ሕዝቡም «ማማ ዳክታሪ» ብሎ ጠራቸው።

እንዲህ ያለ አብራሪ ገና ጎህ ሲቀድ የሚሠራውን ለጥቂት ጊዜ ቀረብ ብለን እንየው። በሰሜኑ ምድረ በዳ ነዳጅ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በበርሜል ነው። በርሜል ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ ቀን ሲግል ውስጡ ውሃ ያቋጥራል፤ ውሃ ደግሞ ከቤንዚን ይከብዳልና ወደ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ነዳጁ በማጣሪያ በኩል ይቀዳል። ከዚያ አብራሪው ከክንፉ ሥር ተንበርክኮ ከነዳጅ ታንኩ ግርጌ ጥቂት ነዳጅ ወደ ትንሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ ይለቅቃል፤ ወደ ብርሃን አንሥቶም ያየዋል። የአውሮፕላን ቤንዚን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ውሃ ካለበት ከሥሩ እንደ እንባ ኳስ ሠርቶ ይንከባለላል። ኳስ ካየ ይደፋዋል፤ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ ይቀዳል። ይህን ያልሠራ አብራሪ ሞተሩ የሚጠፋበት ከመሬት ተነሥቶ ገና ግራር በማይዘልበት ከፍታ ላይ ነው።

ቀጥሎ እጁን በፕሮፔለሩ ጠርዝ ላይ ያስኬዳል። ኮረት ካለበት ማኮብኮቢያ የተነሣ ጠጠር ብረቱን ይነክሰዋል፤ ያ ንክሻ ካልተሞረደ ውሎ አድሮ ስንጥቅ ይሆናል። የሞተሩን ዘይት ይለካል፤ የጎማውን እሾህ ያያል። ጎልቦ ውስጥ እሾህ ቀልድ አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር ለያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ለጠቅላላው ደግሞ ሁለት ማግኔቶ አለው። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት ተራ በተራ እያጠፋ ይሞክራቸዋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ወደ ምድር ያደርሰዋልና። ለክፍያ የሚበር አውሮፕላን በየ100 ሰዓት በረራው መካኒክ ይከፍተዋል፤ የብዙዎቹ ሞተር ደግሞ ወደ 2,000 ሰዓት ሲጠጋ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይታደሳል።

ሙቀቱም አለ። እኩለ ቀን ላይ ታችኛው ሞያሌ 33 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በ1,700 ሜትር ከፍታ እንዳለ አየር ይሳሳል። መሬቱ 850 ሜትር ነው፤ ክንፉ ግን የሚያውቀው 1,700ውን ነው። ጠዋት በአራት ሰውና በሙሉ ነዳጅ ያለ ችግር የተነሣ አውሮፕላን ስድስት ሰዓት ላይ ከዚያው ማኮብኮቢያ በዚያው ጭነት ላይነሣ ይችላል። ልምድ ያለው አብራሪ ወይ በማለዳ ይሄዳል፤ ወይ ጭነት ይቀንሳል፤ ወይ ፀሐዩ እስኪበርድ ጥላ ሥር ይጠብቃል። የሚጠብቀውን አብራሪ ሰነፍ የሚል ሰው ስሰማ ያንገበግበኛል።

በ1966 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ረኃብ ሲገለጥ፣ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉት ስዊድናዊ ቆንት ኤም ኤፍ አይ 15 በተባሉ ደቃቃ አውሮፕላኖች እህል መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ እየወረወሩ አወረዱ። ሰውየው በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አብርረዋል፤ በኋላም የኢትዮጵያን አየር ኃይል ለአሥር ዓመት መርተዋል። ያረፉት ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ መሬት ላይ ሳሉ በተከፈተ ጥቃት ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ደግሞ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሆነች መንታ ሞተር ትዊን ኦተር 16 ሰዎች ይዛ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኙዶ የስደተኞች ጣቢያ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ በአሜሪካ ምክር ቤት የረኃብ ጉዳይ ኮሚቴን የሚመሩት ሚኪ ሌላንድ ነበሩ። ወሩ ነሐሴ፣ መንገዱ የምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራ ነው። አውሮፕላኗ ቀረች። ለቀናት ከተፈለገች በኋላ ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪዋ ጋምቤላ አቅጣጫ ከተራራ ጎን ተገኘ። ዘጠኝ አሜሪካውያንና ሰባት ኢትዮጵያውያን አልቀዋል፤ በአገራችን የሚታወሰው ግን የአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በኬንያም ጥር 16 ቀን 1995 ዓ.ም. የሰሜኑ ሰው፣ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ አህመድ ካሊፍ፣ ቡሲያ ላይ ከአጭር ማኮብኮቢያ የተነሣው አውሮፕላናቸው የኤሌክትሪክ ገመድ መትቶ ወድቆ ሞቱ።

አሁን ወደ ማርሳቢት እንሂድ።

ማርሳቢት ከሞያሌ በስተ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቱርቢ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ናት። ሐምሌ 5 ቀን 1997 ዓ.ም. ቱርቢ ላይ በማለዳ በተከፈተ ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ተማሪ ሕፃናትም ነበሩበት። የበቀል ግድያ ተከተለ። በገብራና በቦረና መካከል የተሰነጠቀው ነገር ሞያሌ ገበያ ድረስ ተሰማ። ከወራት በኋላ የአካባቢው መሪዎች ወገን ሳይለዩ አንድ ላይ ሄደው ሕዝቡን ሊያስታርቁ ተስማሙ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ 17 ሰዎች የያዘ የኬንያ አየር ኃይል ዋይ 12 አውሮፕላን ከናይሮቢ ወደ ማርሳቢት በረረ። ዋይ 12 ቻይና ሃርቢን ላይ የሚሠራ፣ ሁለት ሞተር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ የሰሜን ሆር እንደራሴ ዶክተር ቦናያ ጎዳና ነበሩ። የሞያሌ እንደራሴ ዶክተር ጉራቻ ገልገሎ፣ የሳኩው አብዲ ሳሱራ፣ የላይሳሚሱ ታይተስ ንጎዮኒ፣ የናኩሩው ረዳት ሚኒስትር ሚሩጊ ካሪዩኪ፣ ጳጳስ ዊልያም ዋቆም አብረው ነበሩ።

የማርሳቢት ተራራ ከበረሃ መካከል ብቻውን ብድግ ያለ ነው፤ ጫፉ 1,700 ሜትር ይደርሳል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ሜዳውን ሁሉ ሳይነካ አልፎ እዚህ ተራራ ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይገፋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ጉም ይሆናል። ከምሽት ጀምሮ እስከ ረፋድ ተራራውን ይሸፍነዋል። የማርሳቢት ደን የሚኖረው በዚያ ጉም ነው፤ ዛፎቹ ከአየር ላይ ውሃ ያልባሉ። ከደቡብ የሚመጣ አብራሪ ግን የሚያየው ሌላ ነው። ሰዓት ሙሉ ከስሩ ፀሐይ የሚያነድደው ግልጥ ሜዳ ሲያልፍ ይቆይና፣ መድረሻው ላይ ብቻ ነጭ ክዳን ተደፍቶ ይጠብቀዋል። ሚያዝያ ደግሞ ዋናው የዝናብ ወር ነው።

አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲሞክር በመጥፎ አየር ውስጥ ከኮረብታ ጋር ተጋጨ። ከ17ቱ 14ቱ ሞቱ፤ ከላይ ስማቸውን የጠራኋቸው ስድስቱም ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። ዛሬ የማርሳቢት ካውንቲ በሚባለው ምድር ያሉት የምርጫ ክልሎች አራት ናቸው፦ ሞያሌ፣ ሰሜን ሆር፣ ሳኩና ላይሳሚስ። የአራቱም እንደራሴዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ አውሮፕላን አለቁ። እርቅ የሚጠብቅ ሕዝብ አስታራቂዎቹን ቀበረ። አንድ አካባቢ መሪዎቹን በሙሉ በአንድ በረራ እንዳያሳፍር አንድ ሰው ሊከለክለው ይገባ ነበር እላለሁ፤ ብዙ ድርጅቶች ለሹማምንቶቻቸው ይህን ደንብ አድርገውታል።

በረራ የሚያውቁ ሰዎች ለዚህ ዓይነት አደጋ የተለየ ስም አላቸው፦ ጤነኛ አውሮፕላን፣ በአብራሪው ቁጥጥር ሥር እያለ፣ ሳይታየው ከምድር ጋር መጋጨቱ። በጉም ውስጥ ተራራ አይታይም፤ ከፍታ መለኪያው ከባሕር ጠለል ያለውን ርቀት ቢናገርም ከፊት ለፊት ስላለው ኮረብታ ዝም ይላል። ካናዳ የተወለደው መሐንዲስ ዶን ቤትማን አብራሪውን «መሬት! ውጣ!» እያለ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሠርቶ ለትላልቅ አውሮፕላኖች ብዙ ሕይወት አድኗል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሣሪያው የምድርን ካርታ በውስጡ ይዞ ከፊት ያለውን ተራራ አስቀድሞ እስከማወቅ ደረሰ። ለትንንሾቹ ግን የደረሰው ዘግይቶ ነው።

በመሣሪያ ብቻ መብረር ላልሠለጠነ የግል አብራሪ ደግሞ ተራራ እንኳ ባይኖር ጉሙ ራሱ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ 20 ሰዎች የውጭ እይታ ተከልክለው ሲያበሩ ተፈተኑ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እስከዚያ የቆዩት በአማካይ 178 ሰከንድ ነው። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ፈሳሽ በቀስታ የሚደረግን መታጠፍ አያውቅም። አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ አውሮፕላኑ ግን እየተጠመዘዘ ይወርዳል። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ታዲያ ይህን ያነበበና የተማረ ሰው ለምን ወደ ጉም ይገባል? ስለ ማርሳቢቱ በረራ አብራሪዎች አልናገርም፤ በዚያ ኮክፒት ውስጥ የነበርኩ ሰው አይደለሁም። በአጠቃላይ ግን ጠበብቶቹ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ የመድረስ ጥድፊያ። ታች በሽተኛ አለ፤ ወይም ስብሰባ፤ ወይም ትልቅ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማረፊያው አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ያን ጊዜ መሪውን አዙሮ «ኢሲዮሎ ወርደን እንጠብቅ» ማለት ከማብረር ይከብዳል። ተሳፋሪም ድርሻ አለው። «ለምን ዘገየን?» የሚል ድምፅ ከኋላ ሲመጣ አብራሪው አንገት ላይ ያርፋል።

በዓመታት ውስጥ የሰሜኑ ጎዳና አስፋልት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው መንገድ ሲያልቅ፣ ቀድሞ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ የአንድ ቀን ሆነ። ከዚያ ወዲህ የጎልቦን ሰማይ የሚያቋርጥ አውሮፕላን ድምፅ በየቀኑ የሚያስፈልግ ነገር አልሆነም።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ግን የበረሃ አንበጣ ከሶማሊያ ወደ ኬንያ ገባ፤ በጥር ሞያሌም ደረሰ። በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 30 ቀን ወደ ድሬዳዋ ይወርድ የነበረ የመንገደኛ አውሮፕላን መንጋው ውስጥ ገብቶ፣ አንበጣው መስታወቱን ሸፍኖበት፣ አዲስ አበባ ሄዶ ለማረፍ ተገዷል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይኖራል። የትንንሾቹ አውሮፕላኖች ጊዜ ተመለሰ። አንበጣ ሌሊት ዛፍ ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ይነሣል፤ ስለዚህ የርጭት አብራሪ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በግራሩ አናት ላይ ዝቅ ብሎ ይሠራል። ነፋስ ሲበረታ ያቆማል፤ መድኃኒቱ ከመንጋው ርቆ ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ ከብት ይሄዳልና።

አውሮፕላኑ ተመልሶ ሲቆም ክንፉ በደረቀ የአንበጣ ደም ቢጫ ሆኗል። መካኒኩ የሞተሩን ሽፋን ያነሣል። የዘይት ማቀዝቀዣው ቀጫጭን ብረቶች መካከል እግርና ክንፍ ተወትፏል፤ አየር ካላለፈበት ሞተሩ በሚቀጥለው በረራ ይግላል። በቀጭን እንጨትና በለስላሳ ብሩሽ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ከዚያ ያቺን የፕላስቲክ ብርጭቆ ይዞ ወደ ክንፉ ሥር ይንበረከካል።